በባዶ መንገድ የተማርኩት መንዳት

ባለፈው የመስቀል ሰሞን ከዓለም ባንክ ወደ ጦር ኃይሎች ስነዳ መንገዱ ተዘጋጋ። በወዲያኛው መስመር ከከተማ የሚወጣው መኪና ማለቂያ የለውም፤ ሚኒባሱ ሁሉ ሻንጣና ፍራሽ ጣሪያው ላይ ቆልሎ ወደ ጉራጌ አገር ይጎርፋል። አንዲት መኪና የያዘች ልጅ ከውስጥ ለውስጥ መንገድ ለመግባት ዓይኗ ሲቁለጨለጭ አየሁና አሳለፍኳት። ከኋላዬ ያለው ጎረምሳ ክላክሱ ላይ ተኛበት። አልበቃው ብሎም አንገቱን በመስኮት አውጥቶ፣ «እማማ፣ ይነዳሉ ወይስ እንግፋልዎት?» አለኝ። ኧረ ተወኝ! ስድቡስ ይሁን፣ እማማን ምን አመጣው? ግን ሳቄ መጣ። የዛሬ ሠላሳ ዓመት ገደማ፣ በዚሁ በመስቀል ሰሞን፣ አንድ ሰው ከአጠገቤ ተቀምጦ እንዲሁ ጮሆብኝ ነበር።

ጋሽ ደጉ ኮልፌ አሥራ ስምንት ማዞሪያ ጎረቤታችን፣ የሟች አባቴ ጓደኛና ባለ ላዳ ታክሲ ነበሩ። ሃያ ዓመት ሲሞላኝ፣ «እንጀራ ይሆንሻል» ብለው መንዳት ያስተምሩኝ ጀመር። ታዲያ የሚያስተምሩኝ በበዓል ጠዋት ብቻ ነው። በሌላው ቀን መኪናዋ ሥራ ላይ ናት። የገና ወይም የፋሲካ ጠዋት ግን ከተማው ሌሊት ሲያስቀድስ አድሮ፣ ዶሮውን በልቶ ይተኛል። መንገዱ ላይ እኛና ውሻ ብቻ። «ዋዜማ ላይ ሰው በሆዱ ይነዳል፤ በማግስቱ ደግሞ በራስ ምታቱ» ይሉኛል። «አንቺ በሰላሙ ቀን ተማሪ።» አንዲት ሕግ ደጋግመው ነገሩኝ፤ የማታዪው ቦታ ላይ ቀድመሽ አትለፊ።

እንዲህ እንዲህ እያልኩ መንጃ ፈቃድ አወጣሁ። ዕድሜ ለበዓል፣ የመኪና ሰልፍ ምን እንደሚመስል ግን አላውቅም ነበር።

ጋሽ ደጉ እናታቸው አገር ቤት ነበሩ። ጉራጌ ለመስቀል አገሩ ካልገባ ሰው አይመስለውም፤ እሳቸው ግን ሰባት መስቀል ሙሉ አልሄዱም። መጀመሪያ «ባዶ እጄን አልገባም» አሉ። ላዳዋን ሲገዙ ደግሞ የበዓል ገበያ አያምልጠኝ ሆነ። በዚያ ዓመት መስከረም መግቢያ ላይ አንድ ያገራቸው ሰው መልእክት ይዞ መጣ። «እናትህ በዚህ መስቀል ካልመጣህ ከዚያ ወዲያ ብትመጣም ምን ያደርግልኛል ብላለች።» ጋሽ ደጉ ፊታቸው አመድ መሰለ። «ልትሞት ነው ማለት ነው» አሉ።

ይባስ ብሎ በዚያው ሳምንት ደጃቸው ላይ ድጥ ጥሏቸው ቀኝ ክንዳቸው ተሰበረ። ወጌሻ አሽቶ በቀርከሃ አሰረላቸው። የዋዜማው ዕለት ጎሕ ሳይቀድ አውቶቡስ ተራ ሄዱ፤ ሰው በሰው ላይ ተረባርቦ በአንድ ክንድ የሚሆን አልሆነም። አራት ሰዓት ላይ ተመልሰው ደጃችን ቆሙና ቁልፉን ለእናቴ እያሳዩ፣ «ልጅሽን ስጪኝ» አሉ። እናቴ፣ «በሞትኩት! ይቺን ጀማሪ?» አለች። በኋላ ግን ፊታቸውን አይታ ነጠላዬን አቀበለችኝ።

የላዳዋ አንድ የፊት መብራት አይሠራም፤ ከዋናው መንገድ ተገንጥሎ የሚገባው ደግሞ ጭቃ ነው። ስለዚህ ሳይመሽ መድረስ ነበረብን።

አየር ጤና ስንደርስ ጉድ ፈላ። መኪናው፣ በጉ፣ ጋሪው፣ ችቦ የተሸከመው ሁሉ አንድ ላይ! ሲያፈጥብኝ አሳልፋለሁ፤ ሲገፋኝ አሳልፋለሁ። በባዶ መንገድ የተማረ ሰው ሌላ ምን ያውቃል? ጋሽ ደጉ በጤነኛ እጃቸው ጭንቅላታቸውን ያዙ። «አንቺ ልጅ! እንዲህ አገሩን ሁሉ እያሳለፍሽ ለሚመጣው መስቀል ነው የምንደርሰው!» ሰበታን እስክናልፍ ሁለት ሰዓት ፈጀብን።

ከዚያ ወዲያ ሜዳው በአደይ አበባ ቢጫ ሆኖ፣ አየሩ የረጠበ አፈር ይሸት ነበር። ወሊሶ ላይ ጥብስ በቆሎ ገዛሁላቸው፤ አልበሉም። ፀሐይዋን ብቻ ያያሉ።

ከወሊሶ በኋላ አንድ የጭነት መኪና ፊታችን ያዘግም ጀመር። የቸኮለው ሁሉ ኩርባው ላይ እየደረበ ያልፈዋል።

«ድረቢና እለፊ!»

«አይታየኝም ጋሽ ደጉ።»

«እለፊ እልሻለሁ! እናቴ ናት እኮ!»

ላዳዋን መንገድ ዳር አወጣኋትና ሞተሩን አጠፋሁ። ቁልፉን ጭናቸው ላይ አስቀመጥኩት። «የማታዪው ቦታ ላይ አትለፊ ያሉኝ እርስዎ ነዎት። ሕጉ ዛሬ ከተሻረ በአንድ እጅዎ ይንዱ።»

መኪናው በአጠገባችን ሽው ሽው ይላል። ጋሽ ደጉ እንባቸው መጣ። «ሰባት መስቀል ያዘገየሁ እኔ፣ ዛሬ አንቺን አስቸኩላለሁ» አሉና ቁልፉን በግራ እጃቸው መለሱልኝ።

ስንደርስ ፀሐይዋ ጋራው ጫፍ ላይ ነበረች። እናታቸው እንሰቱ መሀል፣ ደጃቸው ላይ ዱካ ላይ ተቀምጠዋል። አልታመሙም። ጋሽ ደጉ እግራቸው ላይ ሲወድቁ እናትየው በጉራጊኛ አንድ ነገር አሉ፤ ልጃቸውም ተነስተው ዞር ብለው ቆሙ። በኋላ ነው የተረጎሙልኝ። «ወደ ፀሐይ ዙርልኝ» ነበር ያሉት። የእናትየው ዓይን እየጠፋ ነው፤ ጥቂት የሚታያቸው ቀን በብርሃን ብቻ ነው፤ በሚመጣው መስቀል ያቺም አትኖርም። መልእክቱ ይኼ ኖሯል! የልጃቸውን አገጭ ይዘው፣ ፊቱን ወዲህ ወዲያ እያደረጉ አዩ፣ አዩ። ከዚያ፣ «ሸብተሃል እንዴ፣ ልጄ?» አሉ።

ደመራው ሲለኮስ ጨልሞ ነበር።

ላሳለፍኩት መኪና ሁሉ ከዚያች ብርሃን ቆርሼ እንደሰጠሁ ሳስብ ዛሬም ሆዴ ይባባል። ኩርባው ላይ ደርቤ ቢሆንስ? እሱንም አስባለሁ። ሳንወድቅ፣ ማንንም ሳንጥል፣ ለጥቂት ደረስን፤ ለዚያች ለጥቂቷ ፈጣሪዬን አመሰግናለሁ። ያንን መንገድ ከነዳሁ በኋላ የፈራሁት መንገድ የለም፤ ሾፌር ሆኜ ልጆቼን አሳደግሁ። ለጋሽ ደጉ ይህን በቁማቸው ነግሬያቸዋለሁ፤ እንኳን ነገርኳቸው። እናታቸው ከሦስት ዓመት በኋላ ሲያርፉ ለቅሶ ልደርሳቸው ሄጄ፣ ገና ከበሩ እንባዬ ቀደመኝ። እሳቸው ናቸው እኔን ያጽናኑኝ። ለቀስተኛው ሁሉ እየሰማ እጄን ይዘው፣ «አታልቅሺ፤ እናቴ ሽበቴን አይታ ነው የሞተችው» አሉኝ።