ኖራ የጨመርኩበት ዛፍ

የሰው ቤዝመንት፣ ማለትም ምድር ቤት፣ ተከራይቶ የሚኖር ሰው አፉን መቆጠብ ነበረበት። እኔ ግን ስለ አፈር ከተነሳ ዝም ማለት አልችልም። አገር ቤት አሥራ አንድ ዓመት በግብርና ባለሙያነት ስሠራ ሥራዬ ባመዛኙ አንድ ነገር መናገር ነበር። ጎጃም ውስጥ ዝናብ እያጠበ ያኮመጠጠው ቀይ አፈር አለ። ስንዴው ቢጫ ሲሆንበት ገበሬው ይጠራኛል፤ እኔም «ኖራ ጨምሩበት» እላለሁ። ኖራው ይጨመራል፣ ለከርሞ ስንዴው አረንጓዴ ሆኖ ይቆማል፣ እኔም ጠላ ተጋብዤ ደረቴን ነፍቼ እመለሳለሁ። ቶሮንቶ መጥቼ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ስደረድር ያ እውቀት የትም አልሄደም። ጠያቂ አጥቶ ተቀምጦ ነበር እንጂ።

የምኖርበት ቤት ባለቤት፣ ጋሼ የምላቸው፣ ከደርግ ሸሽተው በሱዳን በኩል ከወጡት አንዱ ናቸው። ዕድሜያቸውን ታክሲ ሲነዱ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። ቤቱ ዌስተን የሚባል ሰፈር ውስጥ ነው፤ ጓሮው እያዘቀዘቀ ሄዶ ወንዙ ዳር ካለው ጫካ ጋር ይገጥማል። ባለቤታቸው ያረፉት አምና፣ ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል ነው። ቀብሩ ላይ ነበርኩ። ሁላችንም በየተራ እፍኝ አፈር ጣልን፣ «አፈሩ ይቅለላቸው» አልን፣ ተመለስን።

አርባቸው በወጣ ሰሞን ጋሼ አንድ ችግኝ ገዝተው መጡ። መኸር ላይ ቅጠሉ ደም የሚመስለው ሜፕል ነው። ሚስታቸው ያ ቅጠል መቅላት ሲጀምር ታክሲውን ዳር አስይዘው ካላየሁ ይሉ ነበር አሉ። ላግዝዎት ብላቸው እምቢ አሉ። ጉድጓዱን ለመቆፈር ሁለት ቀን ፈጀባቸው፤ አካፋው ድንጋይ ባገኘ ቁጥር ቂው ሲል ውስጥ ድረስ ይሰማኛል። ድንጋዩን አጥሩ ሥር ከመሩት። ከታች የወጣውን አፈር ከላይ አለበሱት። በመስኮት እያየሁ ነበር፤ ግን ልብ አላልኩም።

በሰኔ ቅጠሉ ወጣ፤ ቢጫ ሆኖ። የቅጠሉ ደም ሥሮች ብቻ አረንጓዴ ናቸው፣ በመሀላቸው ያለው ገርጥቷል።

«ኢንጂነር፣ እስቲ ናማ ቼክ አድርግልኝ» አሉኝ። ኢንጂነር አይደለሁም። አንድም ቀን አላረምኳቸውም።

ቆሜ አየሁት። ቢጫ ቅጠል፣ የጫካ ዳር፣ ዝናብና በረዶ የማይለየው አገር፣ ዓመት ዓመት የሚበሰብስ ቅጠል። መልሱ ከአፌ ለመውጣት አልዘገየም። «አሲድ ነው ጋሼ። አፈሩ ኮምጥጧል። ኖራ ይፈልጋል።» ጎንበስ ብዬ እፍኝ እንኳ አላነሳሁም። አገር ቤት ጀማሪ ባለሙያዎችን «ሳትመረምሩ አትዘዙ» እያልኩ የምቆጣው እኔው ነበርኩ። ያን ቀን ግን ከስንት ዓመት በኋላ አንድ ሰው ስለ ሙያዬ ጠይቆኝ ነበርና ደስታው አሳወረኝ።

ከአትክልት ስቶር አንድ ከረጢት ኖራ ገዝቼ በተንኩ፣ ውኃ አጠጣሁ። ሦስት ሳምንት ቆይቶ ባሰበት። «አነሰው» ብዬ ደገምኩት። በሐምሌ መጨረሻ የቅጠሉ ጠርዝ ተቃጥሎ ቡናማ ሆነ፤ ገና በጋው ሳያልቅ መርገፍ ጀመረ። ጋሼ በየቀኑ የረገፈውን አንድ በአንድ ለቅመው ኪሳቸው ይከቱታል። «ለሙት ዓመቷ ሰው ሲመጣ ይቺን ነበር የማሳየው» ይላሉ። እኔ ደግሞ «አይዞዎት፣ ይመለሳል» እላለሁ። ሳላውቅ የምናገረው ነገር ብዛቱ አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

ፍልሰታ ገባ። አንድ ቅዳሜ ጋሼ ቅዳሴ እንደሄዱ አካፋ ይዤ ከዛፉ አጠገብ ቆፈርኩ። ሥሩን ልይ ብዬ ነው። ላይ ላይ የእኔ ኖራ ነጭ ዱቄት ሆኖ ተጣብቋል። ከዛፉ ራቅ ብዬ ያልተነካውን ቦታ ስቆፍር ደግሞ አንድ ስንዝር ጥቁር የበሰበሰ ቅጠል አፈር፣ ከሥሩ ትንሽ ቡናማ፣ ከዚያ በኋላ ግራጫ። ግራጫው አፈር ማለትም ይከብዳል። ጭቃና ጠጠር፣ እንቁላል የሚያክልና ራስ የሚያክል ድንጋይ፣ ሁሉም ያለ ሥርዓት ተደባልቀው ጠጥረዋል። ውኃ ያመጣው አፈር ድንጋዩን ከድንጋይ፣ አሸዋውን ከአሸዋ ለይቶ ያስቀምጣል። ይሄ ግን ማንም አልለየውም። ያኔ ገባኝ። ከዘመናት በፊት ይህን አገር የሸፈነው የበረዶ ግግር እየተጎተተ ያገኘውን ሁሉ ፈጭቶ፣ ሲቀልጥ እንዳለ ዘርግፎት የሄደ ነው። ከፈጨውም አብዛኛው የኖራ ድንጋይ ከሆነስ?

ኩሽና ገብቼ ቆምጣጤ አመጣሁ፤ የኖራ ድንጋይ ቆምጣጤ ሲነካው አረፋ ያወጣል። ጉልበቴ ድረስ ከገባው ጉድጓድ፣ የእኔ ኖራ ከማይደርስበት፣ አንድ ድንጋይ አውጥቼ በቢላ ፋቅ አደረግኩና ጠብ አደረግኩበት። አረፋ ደፈቀ። ሌላም አወጣሁ፤ ደፈቀ። ግራጫው አፈር ራሱ ትስስ አለ።

ጉድጓዱ አፍ ላይ ቁጭ አልኩ። አፈሩ መጥፎ አይደለም፤ ወንዙ ዳር ያሉት ትልልቆቹ ዛፎች የቆሙት በዚሁ ላይ ነው። ይህ ዛፍ ግን ኖራ አይወድም። ኖራ ሲበዛበት ቅጠሉ የሚፈልገው ማዕድን እዚያው አፈሩ ውስጥ እያለ ሥሩ መውሰድ አይችልም። ጋሼ ሳያውቁ የታችኛውን አፈር ከላይ አለበሱበት፤ እኔ አውቃለሁ ባዩ ደግሞ ሁለት ጊዜ ጨመርኩበት። በምግብ የታነቀን ሰው እያጎረስኩት ነበር።

ጋሼ ነጠላቸውን እንዳጣፉ ከኋላዬ መጡ። «እህስ፣ ምን አገኘህ?»

«ድንጋይ ነው ጋሼ» አልኩ። «ድንጋይ በዝቶበታል።» ቆምጣጤውን እግሬ ሥር ደበቅኩ።

ባልዲ ገልብጠው ተቀመጡ። «ምክንያቱን እኔ አውቀዋለሁ» አሉ። «ሆስፒታል እያለች እዚህ እንዳትቀብረኝ ብላኝ ነበር። እናቴ ጎን አድርገኝ አለችኝ። እሺ አልኳት። ከዚያ ሳስበው እዚያ ማን ቀርቶናል? ማን ሄዶ ያያታል? እዚህ ከሆነች ባስ ይዤም ቢሆን እሄዳለሁ አልኩ። ለራሴ ብዬ ነው። ቃሌን በላሁ። ተቀይማኛለች። በእሷ ስም የተከልኩት እንዴት ይጽደቅ?»

ያኔ መናገር ነበረብኝ። «እንደሱ አይበሉ ጋሼ» ብቻ ብዬ ጉድጓዱን ደፈንኩት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን በጀሪካን ያመጡትን ጠበል ዛፉ ሥር ያፈስሳሉ። የእኔ መስኮት ከመሬት እኩል ነው። ቁርስ ስበላ ጫማቸውን አያለሁ፣ የውኃውን ድምፅ እሰማለሁ፣ «ይቅር በይኝ» ሲሉም እሰማለሁ። የማውቀውን አንድ ነገር ብናገር ሸክሙ ከላያቸው ይወርዳል፤ ብናገር ደግሞ የሚስታቸውን ዛፍ የገደልኩት እኔ ነኝ። ፈራሁ። ከቤት ያስወጡኛል ብዬ አይደለም። ኢንጂነር የሚለኝ ሌላ ሰው የለኝም።

ሦስት ሳምንት እንዲህ ሆነ። ሙት ዓመቱ ሊደርስ አራት ቀን ሲቀረው ጋሼ ሰው እንዳይመጣ ሊናገሩ ስልክ ሲያነሱ ሰማሁ። «ምን ብዬ ነው ፊታቸው የምቆመው» አሉ። የቆምጣጤውን ጠርሙስ ይዤ ወጣሁ።

«ጋሼ፣ ስልኩን ይተዉት። ዛፉን የገደልኩት እኔ ነኝ።»

ጓሮ ወስጃቸው ሁሉንም ነገርኳቸው። ሳላይ ማዘዜን፣ ሁለት ጊዜ ኖራ መጨመሬን፣ የዚያን ቅዳሜ አውቄ መዋሸቴን። አጥሩ ሥር ራሳቸው ከከመሩት ድንጋይ አንዱን አንስቼ ፋቅኩና ቆምጣጤ ጠብ አደረግኩበት። አረፋው ሲፈላ አጎንብሰው አዩት። ይሰድቡኛል ብዬ ስጠብቅ ጠርሙሱን ከእጄ ወስደው ሌላ ድንጋይ ላይ አፈሰሱ። ከዚያ ሌላ።

«እንግዲያው እሷ አይደለችም?»

«አይደሉም ጋሼ። እኔ ነኝ።»

«ሦስት ሳምንት ሙሉ ሰምተኸኝ ዝም አልክ?»

«አዎ።»

አንገታቸውን ነቅነቅ አደረጉ። ጠርሙሱ እስኪያልቅ ድረስ ድንጋይ ድንጋዩ ላይ አፈሰሱ። ሁሉም አረፋ ደፈቀ። ፊታቸው ሲፈታ አየሁ፤ እንባቸውንም አልደበቁኝም። ቀለለኝ። ያበቃ መስሎኝ ነበር።

ባዶውን ጠርሙስ እንደያዙ ቀና አሉና «ቀብሯ ላይ አንተም አፈሩ ይቅለላቸው ብለህ አፈር ጥለሃል» አሉ። «ባለሙያ ነህ። እሷ ያለችበትም አፈር እንዲህ ነው? ድንጋይ ነበረበት?»

ያን ቀን በእጄ የያዝኩት እፍኝ ትዝ አለኝ። ግራጫ ነበር፤ ይከብድ ነበር፤ ሳጥኑ ላይ ሲያርፍ ጠጠሩ ኳ ኳ ሲል ሁላችንም ሰምተናል። ያኔ ልብ ብዬው ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ። ሳላይ ሁለት ጊዜ እርግጠኛ የሆንኩት ሰውዬ፣ አሁን ያየሁትን መካድ አልቻልኩም።

«ነበረበት ጋሼ» አልኳቸው።

«እሺ» አሉ። ጠርሙሱን መልሰው ሰጡኝና ያስቋረጥኳቸውን ስልክ ሊጨርሱ ወደ ቤት ገቡ።