ዘይት ፍለጋ ከላሊበላ ጋሸና

ማክሰኞ፣ ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት፤ ላሊበላ

በሠላሳ ስምንት ዓመቴ እናቴ ሱቅ ላከችኝ። ሱቁ ያለው ጋሸና ነው። በመኪና ቢሆን ቁርስ በልቶ ወጥቶ ለምሳ የሚደረስበት ቦታ ነው፤ ግን የኮሮና ሰሞን ነውና መኪና የለም። ሚኒባሶቹ መናኸሪያ ውስጥ ተደርድረው አቧራ ይጠጣሉ። ባጃጆቹ ሸራ ለብሰዋል። ጭነት መኪና ሰው እንዳያሳፍር ተከልክሏል፣ የቅዳሜ ገበያም ከተዘጋ ሰነበተ። እኔም ብሆን ሥራ የለኝም። አስጎብኚ ነኝ፤ ጎብኚ ሲጠፋ አስጎብኚ ማለት የሚሰማው ያጣ ወሬኛ ማለት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቅዳሜ ማርያም ናት፣ የጽዋ ማኅበሩ ተራ ደግሞ የእኛ ቤት ነው። አሥራ ሁለቱ አባላት በየወሩ በተራ ይደግሳሉ፤ ጽዋውን የተረከበ ሰው ዳቦ ጋግሮ፣ ጠላ ጠምቆ፣ ወጥ ሠርቶ ዝክሩን ያወጣል። በማኅበራችን ደንብ ተራውን ያጎደለ ቦታውን ያጣል። ይህ ቦታ የአባቴ ነበር። አባቴ ካረፈ ስድስት ዓመት ሆነው፤ ቦታውን ግን እናቴ ሙጭጭ ብላ ይዛዋለች። ጎረቤታችን ጋሽ ሞገስ ማኅበሩ ውስጥ ቦታ እስኪለቀቅ ሦስት ዓመት ጠብቀዋል። ሰሞኑን በደጃችን ባለፉ ቁጥር የእናቴን ጤንነት አጥብቀው ይጠይቃሉ።

ጠላው ደርሷል፣ ስንዴውም ተፈጭቷል። የጎደለው ዘይት፣ ምስርና ነጭ ሽንኩርት ነው። ጾም ስለሆነ ቅቤ አይታሰብም፤ ዘይት ደግሞ ከከተማችን ሱቆች ከጠፋ ቆየ። ነጭ ሽንኩርቱንማ ኮሮና ያባርራል ተብሎ ሰው ሁሉ እንደ ከረሜላ ጨረሰው። አንድ ሹፌር ወዳጄ ነው በስልክ "ጋሸና አዲስ ሱፐር ማርኬት ተከፍቷል፣ ሁሉም አለ" ያለኝ።

"በል እንግዲህ" አለች እናቴ፣ በሶና የውሃ ኮዳ እያቀበለችኝ። "ፈረንጅ ስታንከራትትበት የኖርክበት እግር ለእናትህም ይሁን።"

"ባይገኝስ?"

"ሳይገኝ አትምጣ።"

ስታሾፍ መስሎኝ ቀና ብዬ አየኋት። አላሾፈችም። ፊቴን ከተራራው ላይ ወዳለችው ገዳም፣ ወደ አሸተን ማርያም አዙሬ ተሳለምኩና ቁልቁል ወረድኩ።

ማክሰኞ፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት፤ ሹምሸሃን አልፎ

የአውሮፕላን ማረፊያው ሜዳ ጭር ብሏል። ሌላ ጊዜ በዚህ ሰዓት አውሮፕላን ያርፋል፣ እኔም በር ላይ የእንግዳዬን ስም ጽፌ እቆማለሁ። ዛሬ ከላዬ ያለው ጭልፊት ብቻ ነው። ፀሐዩ አናት ይበሳል። በሶዬን በጥብጬ ጠጣሁና ከማሳቸው የሚመለሱ አንዲት እናት ሳገኝ ተከዜ ይርቅ እንደሆነ ጠየቅኋቸው።

"ምን ይርቃል ልጄ፣ እዝችው እኮ ናት" አሉ በአገጫቸው እያሳዩ።

"እዝችው" አራት ሰዓት ፈጀች። በመንገዴ ላይ ሌሎች ሁለት ሰዎችም እዝችው እንደሆነች አረጋገጡልኝ። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ተራራ ለተራራ የሚያለከልኩ ፈረንጆችን "ደረስን፣ ከዚህ ጉብታ ጀርባ ነው" እያልኩ ስሸነግል ኖሬያለሁ። ሁሉንም በያሉበት ይቅርታ ጠየቅኋቸው።

ማክሰኞ፣ ማምሻ፤ ከተከዜ ማዶ

ተከዜ እዚህ ገና ሕፃን ነው። ጫማዬን አውልቄ፣ ሱሪዬን ጠቅልዬ ተሻገርኩት። ከዳገቱ ሥር ካለችው መንደር ስደርስ ጉልበቴ አልታዘዝ አለኝና በመጀመሪያው አጥር በር "ቤቶች!" ብዬ ተጣራሁ። አያ ደምሌ የሚባሉ አርሶ አደር ብቅ አሉ።

"የመሸበት ነኝ፣ አሳድሩኝ።"

"ግባ እንጂ! ምን ደጅ ትቆማለህ?"

"ኮሮና አለ እኮ አያ።"

"እሱንማ እናውቃለን። መላ አለው፣ ግባ።"

መላው ሞፈር ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ መጥታ "ሁለት ሜትር ተራራቁ" ብትል፣ ሁለት ሜትር ስንት ነው ብለው ተከራከሩ። በመጨረሻ "በሞፈር ልክ ይሁን" ተባብለው ተስማሙ። ሞፈር ከሁለት ሜትር ሳይበልጥ አይቀርም፤ ትርፉን ለጥንቃቄ ይዘውታል። አያ ደምሌ ግድግዳ ላይ የተደገፈውን ሞፈር አንስተው መደቡ ፊት አጋደሙት፤ እኔን በአንደኛው ጫፍ አስቀምጠው እሳቸው በሌላኛው ጫፍ ተቀመጡ።

ችግር የመጣው እግር እጥበት ላይ ነው። እንግዳ እግሩን ሳይታጠብ አያድርም፤ አጣቢው ደግሞ በሞፈር ልክ ርቆ አያጥብም። ባለቤታቸው ሙቅ ውሃውን ይዘው መሀል ቤት ቆሙ።

"እጅ ታጠቡ ነው እንጂ እግር እጠቡ መች አለች?" አሉ።

"እግር አትጠቡም አላለች" መለሱ አያ ደምሌ።

እኔው ራሴ ልታጠብ ብዬ ብለምን አያ ደምሌ ተቆጡ። በኋላ ባለቤታቸው ገንቦ በሚታዘልበት ገመድ የሙቅ ውሃውን ማሰሮ ከምሰሶው ላይ አንጠለጠሉና ጎተት አድርገው ከሩቅ አፈሰሱልኝ። ግማሹ ጭኔ ላይ ነው የፈሰሰው፤ ደንቡ ግን አልተጓደለም። ሽሮው በሁለት ገበታ ቀረበ። አያ ደምሌ በየጉርሻው ቀና እያሉ "ብላ!" ይሉኛል፤ ሊያጎርሱኝ ባለመቻላቸው ከልባቸው አዘኑ። እንደዚያ ያለ እራት በልቼ አላውቅም።

ረቡዕ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፤ ጋሸና መግቢያ

ዳገቱን ለመግለጽ ትንፋሽ የለኝም። ላይ ስወጣ ደጋው በብርድ ተቀበለኝ። የገብስ አገር፣ ነፋስ የማይተኛበት ሜዳ ነው። የጋሸና ቆርቆሮዎች ከሩቅ ሲያብረቀርቁ ሳይ መሮጥ አማረኝ።

መግቢያው ላይ ገመድ ተወጥሯል። ከገመዱ ወዲያ ክላሽ ያነገተ ሚሊሻ አፍንጫውን በጋቢ ጫፍ ሸፍኖ ቆሟል።

"ከየት ነህ ወንድሜ?"

በዚህ ጊዜ ነው ስህተቴን የሠራሁት። እኛ አስጎብኚዎች በር ላይ ስንጠየቅ አፋችን አይደለም የሚመልሰው፣ እጃችን ነው። አሥራ አራት ዓመት የቤተ ክርስቲያኑን በር ሁሉ ያስከፈተልኝን መታወቂያ ከደረት ኪሴ መዝዤ በኩራት ዘረጋሁለት። ሚሊሻው አንገቱን አስግጎ ከሩቅ አነበበና ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ።

"አስ-ጎብ-ኚ! ከላሊበላ! ከፈረንጅ ጋር የምትውል!"

"ፈረንጅ ካየሁ ከወር በላይ ሆነኝ።"

"እሱን ለሐኪም ንገር። ከገመዱ ወዲህ ንቅንቅ እንዳትል!"

ገበሬ ነኝ ብል ኖሮ እስካሁን ሻይ ይዤ ነበር። መንገድ ዳር ያሉት ሰዎች ተሰበሰቡ፤ እነሱ መሰብሰባቸውን ሚሊሻው አላየውም። እኔ ግን በእውነት ደነገጥኩ። ሁለት ቀን ተጉዤ ባዶ እጄን ልመለስ ነው፤ "ሳይገኝ አትምጣ" የተባልኩ ሰው ነኝ።

"ዘይት ብቻ ነው የምፈልገው!" ብዬ ጮህኩ። "የእናቴ የማርያም ማኅበር ተራ ነው! ቅዳሜ!"

ሚሊሻው ጠመንጃውን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረ። "እና ቀድመህ እሱን አትናገርም? መታወቂያ መታወቂያ ትላለህ። አንቺ ሐያት! ነይማ!"

ሐያት የሱፐር ማርኬቱ ባለቤት ናት። ሱፐር ማርኬቱን ከቆምኩበት አየዋለሁ፤ አንድ በርና አንድ መስኮት ነው፣ ጽሑፉ ግን ከጣሪያው ይሰፋል። ሐያት በሻሿ አፏን ሸፍና መንገዱ መሀል ቆመች። የእናቴን ዝርዝር ልሰጣት ወረቀቱን ሳወጣ "ወረቀት አልነካም! በአፍህ ንገረኝ!" አለች።

"አምስት ሊትር ዘይት፣ ሁለት!"

"አለ!"

"ምስር፣ አምስት ኪሎ!"

"ክክ ነው ድፍን?"

ይሄኔ ተመልካቹ ለሁለት ተከፈለ። ለማኅበር ክክ ነው፣ የለም ድፍን ነው ብለው ክርክር ገጠሙ። ክኩ አሸነፈ። ዋጋውን ስትነግረኝ ፊቴን ሸፍኜ ስለነበር ደግ ሆነ። ብሩን ድንጋይ ጭኜ መሬት ላይ ተውኩት፤ እሷም ዕቃውን ገመዱ ሥር አስቀምጣ ፈቀቅ አለች። ስከፍተው ነጭ ሽንኩርቱ ካልኳት እጥፍ ነው።

"ይሄ በዛ እኮ!"

"ትርፉ ከኔ ነው። እናትህ በጸሎቷ ታስበኝ። አብሽር፣ ትደርሳለህ!"

እንግዲህ ሁለት ቀን ተጉዤ ሱፐር ማርኬት ሳልገባ ገበያዬን ጨረስኩ።

ዓርብ፣ ንጋት፤ ተከዜ ዳር

ረቡዕን ከጋሸና በታች አንድ ቤተ ክርስቲያን ደጀ ሰላም አደርኩ፣ ሐሙስን አያ ደምሌ ቤት፣ በሞፈሩ ጫፍ። ሐሙስ ማታ ከላይ በኩል የበልግ ዝናብ ወርዶ ኖሮ፣ ያ ሕፃን ወንዝ ጠዋት ስመጣ ጎርምሶ ጠበቀኝ። ድፍርስ ውሃ ግንድ እያንከባለለ ይወርዳል። በእቅዴ አሥር ሰዓት ላይ ቤት እገባና እናቴ ሳይመሽ ወጥ ትሠራለች። አሁን በመኪና መንገዱ ድልድይ ልዞር ነው፤ ዙሪያ ጥምጥም ነው። ዘይቱ ጀርባዬን ይገዘግዛል፣ ግራ እግሬ አብጧል። ተቀምጬ ትንሽ አለቀስኩ ብል ማንም አላየኝም። ከዚያ ተነሣሁ።

ጋሽ ሞገስን እያሰብኩ ነው የተራመድኩት፤ በጣም ያስኬዳሉ።

ቤት የገባሁት ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። እናቴ ሽንኩርት ልጣ፣ ድስት ጥዳ፣ ደረቅ ድስቱን እያየች ተቀምጣለች። አልሳመችኝም፤ ኮሮና ነው። ዘይቱን ተቀብላ ክዳኑን ጠምዝዛ ከፈተችና አሸተተችው።

"ደህና ዘይት ነው" አለች። ወዲያውም ከዘይቱ ድስቱ ውስጥ አንቆረቆረች።

ቅዳሜ፣ ጠዋት፤ ላሊበላ

ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ክልክል ነውና ዝክሩን በየቤቱ አደረስኩ። በአበጠ እግሬ እያነከስኩ ዳቦውን በየአጥሩ አቀበልኩ። አባል ባይሆኑም ለጋሽ ሞገስ አንድ ሙልሙል ያዝኩላቸው።

"ዘይት ተገኘ እንዴ?"

"ጋሸና ሄጄ ነው።"

"በምን?"

እግሬን አሳየኋቸው። ጎንበስ ብለው አዩትና ሳቃቸው መጣ። "አይ፣ ይሄ ቦታ እንግዲህ አይለቀቅም" አሉና ዳቦውን ሳሙት።

ቤት ውስጥ አራት ሆነን ተቀመጥን፦ መምሬ፣ ሙሴ የምንላቸው የማኅበሩ ሰብሳቢ፣ እናቴና እኔ። መምሬ ጸሎት አድርሰው ጽዋውን ባረኩ፣ ከዚያ የትምህርት ቤት ደብተር ገልጠው የአባላቱን የክርስትና ስም መጥራት ጀመሩ። የሌለ ሰው ስም ሲጠራ ሙሴው "በቤቱ ነው፣ ደርሶታል" ይላሉ።

"ወልደ ሰንበት" አሉ መምሬ። አባቴ ነው።

ስድስት ዓመት ሙሉ ለዚህ ስም "አለሁ" ብላ የመለሰችው እናቴ ናት። አሁን ዝም አለች። አልሰማችም ብዬ ዞር ስል፣ እግሬን እያየች ነው። መምሬ መነጽራቸውን አስተካክለው ስሙን ደገሙት። ከእግሬ ቀና ብላ ፊቴን አየችኝ።

"አለሁ" አልኩ።