ትንፋሽ የሌለው መኪና

ባለፈው ማክሰኞ አንድ ወጣት ሹፌር ኒውላንድ ሰፈር ያለው ጋራዤ ገባና በወረቀት የተጠቀለለ አዲስ «ኦይል ሲል»፣ ያቺን ዘይት የምታግድ የጎማ ቀለበት፣ ዘረጋልኝ። «እትዬ፣ የኋላው እግር ዘይት ያፈሳል። ይሄ ሦስተኛ ቅያሬው ነው፤ ቶሎ ግጠሙልኝና ልሂድ» አለ። ዕቃውን ሳልቀበለው ካርቶን አንጥፌ ከሃርድቶፕ መኪናው ሥር ገባሁ። ወገቤ እንደ ድሮው አይታዘዘኝም፤ እጄ ግን እስከ ዛሬ አልከዳኝም።

«ምን እየፈለጉ ነው?»

«ትንፋሹን።»

ልጁ ሳቀ። አልፈረድኩበትም፤ እኔም ድሮ በዚሁ ቃል ስቄያለሁ፣ ያውም ሰው ሰብስቤ።

ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ከቴክኒክ ትምህርት ቤት በማዕረግ ወጥቼ እዚሁ ጋምቤላ የጤና መኪናዎች የሚጠገኑበት ግቢ ተመደብኩ። ሴት መካኒክ ብርቅ ስለነበር አላፊ አግዳሚው አጥሩን ተደግፎ ያየኛል። ይየኝ! እኔም ሰው ሲያየኝ ጎማ መፍታት ደስ ይለኝ ነበር። ሙቀቱማ አይጣል ነው፤ ጠዋት ፀሐይ ላይ የተረሳ መፍቻ እኩለ ቀን ላይ ያለ ጨርቅ አይነካም። የማንጎ ወቅት ስለነበር ቱታችን ግማሹ ግራሶ፣ ግማሹ የማንጎ ጭማቂ ነው።

ከሹፌሮቹ አንጋፋው ጋሽ ኡጁሉ የሚባል አኙዋ ነበር። ክትባት እየጫነ ጎግ ይመላለሳል። አማርኛን ከመንገደኞች የለቀመው ስለሆነ ቁጥብ ነው፤ ያለችውን ቃል በልክ ይጠቀምባታል። የእሱ መኪና የኋላ እግር ዘይት እያፈሰሰ የፍሬን ሸራውን አበላሸው። ሻፍቱን አወጣሁ፤ ሲሉን፣ ኩሽኔታውን፣ ሸራውን ቀይሬ ገጠምኩ። «በቃ፣ ከእንግዲህ አታየኝም» ብዬ ሸኘሁት። በሳምንቱ ዘይቱን እያንጠባጠበ ተመለሰ።

«ልጄ፣ መኪና ትንፋሽ የለውም» አለኝ።

«አስም ይዞት ይሆናላ፣ ጋሽ ኡጁሉ! ሐኪም ጋ ውሰደው እንጂ እኔ ጋ ምን አመጣው?»

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። እሱ አልሳቀም፤ «ትንፋሽ የለውም» ብሎ ደገመው። እኔ ጉልበት አነሰው ማለቱ መሰለኝ፤ ሞተሩ ደግሞ ምንም አልሆነም። የአማርኛ ነገር ነው ብዬ አለፍኩትና እንደገና ሲል ቀየርኩ።

ለሦስተኛ ጊዜ ሲመለስ እልህ ያዘኝ። የእኔ ሥራ እንከን የለውም፤ ስለዚህ ጥፋቱ የሹፌሩ ነው። ሪፖርቱ ላይ «የአነዳድ ጉድለት፤ ወንዝ ውስጥ በፍጥነት መግባት» ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ። ስሜን ለማዳን የጻፍኳት ያቺ መስመር የሰውየውን እንጀራ ልትቀማ ሆነ። አለቃችን ጠርቶ «ሰኞ የመኪናውን ቁልፍ ታስረክባለህ» አለው።

ጋሽ ኡጁሉ ከቢሮው ወጥቶ ቀጥታ ወደ እኔ መጣ። ይሰድበኛል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። «ነይ፣ ከሥር ግቢ» አለኝ ብቻ። ጎን ለጎን ተጋደምን። የዲፈረንሻሉን ዘይት መሙያ ብሎን በጣቱ አሳየኝና «ፍቺው» አለ። ገና ሳላላው «ፍሽሽሽ!» ብሎ የታመቀው አየር ለብ ያለ ዘይት ፊቴ ላይ ረጨብኝ።

«ያውልሽ! ታፍኗል» አለ። ከዚያ እጄን ይዞ የኋላ እግሮቹን የሚያያይዘው አክስ አናት ላይ ያለችውን አውራ ጣት የማታክል ክዳን አስነካኝ። ጭቃ ገብቶባት እንደ ሸክላ ደርቋል። ዘይቱ ሲሞቅ አየሩ የሚወጣው በእሷ ነው፤ እሷ ስትደፈን ግፊቱ ሲሉን ጥሶ ይወጣል።

ወይ ጉዴ! ይህችን መተንፈሻ እኮ በእንግሊዝኛ «ብሪዘር» ብዬ ሸምድጄ፣ ፈተና ላይ ሙሉ ነጥብ አግኝቼባታለሁ። ጋሽ ኡጁሉ በአማርኛ ሲጠራት ግን አላወቅኋትም። ያን ቀን ያፈርኩትን ያህል አፍሬ አላውቅም።

«ለምን አልጠረግከውም ታዲያ?»

«ሁለቴ ጠረግሁ። ውሃ ስገባ ጭቃ ተመልሶ ይገባል። ጉማሬ አይተሽ የለም? ሆዱ ውሃ ውስጥ፣ አፍንጫው ላይ ነው።»

ፊቴን ሳልጠርግ አለቃው ቢሮ ገባሁ። «ሪፖርቱ ስህተት ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኩት።

«ፈርመሽበት የለ እንዴ?»

«ይሄንንም እፈርማለሁ።»

አለቃው ቀና ብሎ አየኝ። «እንግዲያው ጎግ ደርሳችሁ ተመለሱ። አንዲት ጠብታ ዘይት ካየሁ እሱ ቁልፍ፣ አንቺ መፍቻ ታስረክባላችሁ» አለ።

ክዳኗን ነቅለን በቦታዋ ቀጭን የጎማ ቱቦ ገጠምንና ጫፉን ወደ ላይ፣ እስከ ነዳጅ መሙያው ከፍታ ወሰድነው። አዲስ ሲል አስገባሁና በአቦቦ በኩል ወጣን። የመጀመሪያው ዝናብ ወርዶ ጅረቶቹ ደፍርሰዋል። ጋሽ ኡጁሉ እያንዳንዱ ውሃ ጋ ቆሞ ጥልቀቱን በዱላ እየለካ በዝግታ ይገባል። እኔ በፍጥነት ይገባል ብዬ የፈረምኩበት ሰው ይህ ነው! ጎግ የተጠበሰ ዓሣ በላን። በዚህኛው ሥራዬ እርግጠኛ ስለነበርኩ አጣጥሜ ነው የበላሁት።

ስንመለስ አለቃው ቁጢጥ ብሎ ጣቱን በጎማው ውስጠኛ በኩል ሰደደ። አውጥቶ አየው፤ ደረቅ ጭቃ ብቻ ነው። ሱሪው ላይ ጠረገና ሪፖርቴን ከኪሱ አውጥቶ ቀደደው።

ጋሽ ኡጁሉ ወደ እኔ ዞረ። «ልጄ፣ አስሙ ለቀቀው» አለ። ግቢው እንደገና በሳቅ ፈረሰ፤ አሁን እሱም ሳቀ። ጡረታ እስኪወጣ ያንኑ መኪና ነዳ።

የማክሰኞው ልጅ መኪናም ክዳኑ በጭቃ ተደፍኖ አገኘሁት። ብሎኑን ራሱ እንዲያላላ አደረግኩት፤ «ፍሽሽ» ሲል ደንግጦ ራሱን ከመኪናው ወለል ጋር አጋጨ።

«ማን አስተማረዎት እትዬ?» አለኝ ግንባሩን እያሻሸ።

«አንድ አማርኛ የማይችል ሰው» ማለት ለምዶብኛል፤ ሰው ያስቃል። ማክሰኞ ግን አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ።

«አማርኛ የሚችል ሰው» አልኩት። «የማልችለው እኔ ነበርኩ።»