ሁለት ፋይል

ባለፈው ሳምንት ከከተማችን ወጣ ብላ ካለችው ከቡሹሎ ስመለስ አዲስ ከተማ ሰፈር ከባጃጅ ወረድኩና አንድ አዲስ ታፔላ አየሁ። «ጠበቃና የሕግ አማካሪ» ይልና ከሥሩ ይደረድራል፤ የትዳር፣ የውርስ፣ የቤት፣ የንግድ፣ የወንጀል። ከመንግሥተ ሰማያት በቀር የቀረው ነገር የለም። ቡሹሎ ያለችኝ ቁራሽ ቦታ የድንበር ጠብ ስላለባት ጠበቃ እፈልግ ነበር፤ ግን እግሬ ደረጃው ላይ ቆመ። ማቴዎስ ትዝ አለኝ።

ማቴዎስ አብሮ አደጌ ነው። እዚሁ ከተማችን ሐይቅ ዳር አንድ አሳ ለሁለት እየጠበስን አድገናል። በደርግ ጊዜ ሕግ ተምሮ መጣና ገበያው አጠገብ ቢሮ ከፈተ። ጀማሪ ጠበቃ እንደ ጀማሪ ነጋዴ ነው፤ ጨውም ክብሪትም ይሸጣል። እሱም የመጣለትን ሁሉ ይይዝ ነበር። እኔ የሄድኩት በንግድ ጉዳይ ነው። አንድ ሰው ከአንድ ሱቅ በላይ አይኑረው ሲባል፣ ሁለተኛዋን ሱቄን በወንድሜ ስም አዞረልኝ።

«ለሚስትህም ቢሆን አትንገር» አለኝ። አልነገርኩም። ምስጢሩን የምናውቀው እኔ፣ ወንድሜና ማቴዎስ ብቻ ነበርን።

ጥቂት ቆይቶ አማቴ አረፉና ቤታቸው ለሚስቴ ለአበበች ደረሳት። በጊዜው አዋጅ ባልና ሚስት ሁለት ቤት መያዝ አይችሉም፤ አንዱ ትርፍ ተብሎ ይወረሳል። ተያይዘን ማቴዎስ ዘንድ ሄድን። እጁን አፋተገ።

«ሌላው ጠበቃ ይኼን የቤት ጉዳይ ይለዋል። እኔ ግን የትዳር ነው እላለሁ። ተፋቱ!»

«ምን?»

«በወረቀት ነዋ! ሁለት ሰው፣ ሁለት ቤት። ወሬው ሲበርድ ትታረቃላችሁ።»

አበበች ሳቀች። «ለመጣላትማ ወረቀትም አያስፈልገን!»

ያኔ ፍቺን መጀመሪያ የሚያዩት ሽማግሌዎች ነበሩ። ነሐሴ ነው፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ የበቆሎ ቅቅል ቀርቧል። ዋናው ሽማግሌ ጋሽ ዱካሞ ናቸው፤ ማቴዎስም አብሮን ተቀምጧል። ጠባችንን አስቀድመን አጥንተናል። እኔ «ወጥ አትሠራም» አልኩ፤ እንደ ተማሪ ተንተባተብኩ። ተራው የእሷ ሆነ።

«ማምሸቱን እንኳ ችዬው ነበር» አለች። እስከዚህ ያጠናነው ነው። «ግን በወንድሙ ስም የደበቃት ሱቅ አለች። እሷን እፈልጋለሁ።»

በቆሎው እጄ ላይ ቀረ። ማቴዎስን አየሁት። እሱ የራሱን በቆሎ በጥንቃቄ ይፈለፍላል።

ፍቺው ጨዋታ ነው ብል ቤቱ ይወረሳል። ሱቋን ብክድ ነገሩ ቀበሌ ይደርስና ወንድሜ ይጠየቃል፤ ያኔ መጠየቅ ምን እንደነበር የሚያውቅ ያውቃል። ጋሽ ዱካሞ ሁላችንንም ተራ በተራ አዩን።

«ልጄ» አሉኝ፣ «ይኼ ነገር ከዚህ በር ከወጣ ወንድምህ ይታሰራል። ሱቋን ልቀቅላትና ዝም እንበል።»

ለቀቅኩ። እርቁም በዚያው ቀረ።

ውጭ ጭቃው ላይ ማቴዎስን ክንዱን ያዝኩት። «አንተ፣ የእኔ ጠበቃ አይደለህም እንዴ?»

«ነኝ እንጂ! በንግዱ።»

«ይኼስ?»

«ይኼማ የትዳር ነው። በዚህኛው የእሷ ነኝ። ሁለት ፋይል ነው ወንድሜ፣ አታደባልቀው!»

ይኼን የነገርኩት ሰው ሁሉ «በኋላ ማቴዎስ አገባት አይደል?» ይለኛል። አላገባትም። ቢያገባትማ ፍቅር ነው ብዬ እተወው ነበር። ከሱቋም አንድ ሳሙና አልወሰደም። ብልሃቱ ስላማረው ብቻ ነው የሸጠኝ። ነጋዴ ነኝ፤ ሰው ሲሸጥ ብዙ አይቻለሁ። ያለ ትርፍ የሚሸጥ ግን እስከ ዛሬ አይገባኝም።

ደረጃውን ወጣሁ። ወጣቱ ጠበቃ ከወንበሩ ተነሳ። «ይግቡ ጋሼ፣ ይቀመጡ።» የቡሹሎዋን ነገር ነገርኩት። «ሌላስ? ንግድ፣ ቤት፣ የቤተሰብ ጉዳይ ካለ አንድ ላይ ብንይዘው ይቀልልዎታል።»

«ልጄ፣ ከዚያች ቦታ በቀር በዓለም ላይ ምንም የለኝም።»

በመስኮቱ ማዶ ስሜ በትልቁ የተጻፈባት ሱቄ ትታያለች። አየኋት፤ እሱም አየ፤ ቅድም ስሜን ነግሬዋለሁ። ፈገግ አለና ምንም ሳይጽፍ ብዕሩን አስቀመጠ።

ልጁን ወደድኩት። የአሁኗን ሚስቴን ስም ግን አልነገርኩትም።