ሐዋ የሄደች ቀን የታቀፍኩት ባልዲ

ባለፈው ሳምንት ከገበያ አዲስ ባልዲ ገዝቼ ስገባ፣ ክዳኑን ገና ከፈት ሳደርገው ያ ጉሮሮ የሚከረክር የአዲስ ፕላስቲክ ሽታ አፍንጫዬን ሞላው፤ ልጄ ደግሞ ዋጋውን እንኳ ሳልነግራት ከእጄ ተቀብላ አገላብጣ አየችውና "ከሥሩ ብንበሳው እኮ ጎመን ይበቅልበታል" አለችኝ። ማን እንዳስተማራት አላውቅም፤ አያቷን አላየቻትም። እኔ ግን ባልዲ ሲበሳ ማየት አልወድም። እዚህ ዕድሜ ላይ ደርሼም ባልዲ ስገዛ ሻጩ እየሳቀብኝ ወደ ብርሃን አንስቼ ሥር ሥሩን እመረምረዋለሁ፤ ቀዳዳ ያለው አዲስ ባልዲ የሚሸጥ ነጋዴ እንደሌለ አውቃለሁ፣ ቢሆንም እመረምረዋለሁ።

ያደግኩት መካነ ሰላም ዳር፣ የከተማው ቆርቆሮ አልቆ የገብሱ ማሳ በሚጀምርበት፣ ከታቹ ምንጭ ባለበት ተረተር ላይ ነው። መንግሥት ከተለወጠ ወዲህ በየቦታው ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ ይሠራ ስለነበር አባባ በግንባታ ቦታ በዘበኝነት ይውሉ ነበርና፣ አንዱ ሥራ ባለቀ ቁጥር ባዶ የቀለም ባልዲ በትከሻቸው አንጠልጥለው ይመጣሉ። እናቴ ባልዲው ገና በራፍ ሳይደርስ በዓይኗ ሥራ ትሰጠዋለች። ለሌላ ሰው ባልዲ የውሃ መቅጃ ነው፤ ለእሷ ግን ውሃ መቅዳት የባልዲ የመጨረሻው ሙያ ነበር።

አንዱን በጎኑ አጋድማ ጭድ ጎዝጉዛለት ዶሮዋ እንቁላል ታቀፈችበት፤ ከዚያ ወዲያ ዶሮዋ ሌላ ቦታ አልተኛም ብላ ባልዲው በዚያው የእሷ ርስት ሆኖ ቀረ። አንዱ አፈር ተሞልቶ ድንች ተተከለበት፤ አንዱ የዱቄት ማስቀመጫ ሆኖ አይጥን ተስፋ አስቆረጠ፤ አንዱ ከሚያፈሰው ጣሪያ ሥር ክረምቱን ሙሉ ጠብ ጠብ እያለ አብሮን አደረ። አንዱ ደግሞ ተገልብጦ የእንግዳ ወንበር ሆነ፤ ከቀበሌ የመጣ አንድ ሰውዬ በሙሉ ክብሩ ተቀምጦበት ሲነሳ፣ ሱሪው ላይ ክብ ነጭ የቀለም ማህተም ታትሞበት በከተማው መሃል አልፎ ሲሄድ እኛ ከአጥሩ ጀርባ አፋችንን ይዘን ተንከባለልን። ክዳኖቹን እኛ ልጆች እርጥብ ሣር ላይ ተቀምጠንባቸው ቁልቁል እንንሸራተትባቸዋለን፤ ከበሮ የጠፋ ቀን ልጃገረዶቹ የድንቹን ባልዲ ሳይቀር ሊለምኑ ይመጡ ነበር።

ከሁሉ የረቀቀው የአባባ የውዱእ ባልዲ ነው። እናቴ ከሥሩ ጥቂት ከፍ አድርጋ ጎኑን በጋለ ሚስማር በስታ፣ ያለቀ የእስክሪብቶ ቀፎ ሰክታበት፣ የቀፎውን አፍ ጨርቅ በተጠመጠመበት እንጨት ወትፋ በራፉ ምሰሶ ላይ ሰቀለችው። ውታፉን ሳብ ሲያደርጉት ውሃው እንደ ቧንቧ ቀጠን ብሎ ይወርዳል። አባባ ለሶላት ሲታጠቡ "ይቺ ሴት ተምራ ቢሆን ኖሮ ግድብ ትሠራ ነበር" ይሉና፣ እሷ እንዳልሰማች ሆና ፈገግ ትላለች።

ታላቅ እህቴ ሐዋ ዓረብ አገር ለመሄድ የተነሳችው እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ላይ ነው። እሷ አስራ ሰባት ነበረች፤ ፓስፖርቱ ሰባት ዓመት ጨምሮላታል። ፀጉሬን የምትሠራልኝ፣ ፊደል ያስቆጠረችኝ፣ ስታመም ጀርባዋ ላይ አዝላ ጤና ጣቢያ ያደረሰችኝ እሷ ነበረችና እናትና እህት ለይቼ አላውቅም ነበር። የምትሄድበት ቀን ሲቆረጥ ቤቱ በሙሉ በሹክሹክታ መናገር ጀመረ፤ እናቴም ቅቤና በሶ ታዘጋጃለች፣ ትተወዋለች፣ እንደገና ታዘጋጃለች።

እናቴ በገድ ታምን ነበር። መንገደኛ ከቤቱ ሲወጣ ባዶ ዕቃ የያዘ ሰው ካጋጠመው መንገዱ ይከፋል፣ ሙሉ ውሃ የያዘ ካጋጠመው ደግሞ ይቀናዋል። አባባ "ተይ፣ ሽርክ ነው! የሚያቀና አላህ ብቻ ነው" ይሏታል፤ ይሁንና ራሳቸው በሬ ሊሸጡ ወደ ወረኢሉ የሚወጡ ቀን በራፉ ላይ ቆመው መንገዱን ግራና ቀኝ ሲቃኙ ባይኔ አይቻቸዋለሁ። እናቴ የሐዋን ነገር ለአጋጣሚ ልትተወው ስላልፈለገች አጋጣሚውን ራሷ አዘጋጀችው። ሦስት ቀን ሙሉ አስጠናችኝ፦ እነሱ ከቤት ወደ መናኸሪያ ሲወጡ እኔ ከምንጩ ሙሉ ውሃ ይዤ፣ ምንም እንደማላውቅ ሆኜ፣ ፊት ለፊት መምጣት ነበረብኝ።

"አደራ ዘይኑ፣ እስከ አፉ ይሙላ። ጀሪካን እንዳትይዥ፤ የጀሪካን ሙላት ለዓይን አይታይም። በባልዲ ነው የምትቀጂ" አለችኝ። እንስራችን ባልዲ ከገባ ወዲህ ተሰብሮ ተረስቷል።

ሐዋ የምትሄድበት ቀን ጎህ ሲቀድ ተነስቼ ባልዲ ስፈልግ ባልዲ አጣሁ። በዚያ ሁሉ ባልዲ በተሞላ ቤት ማለት ነው። በአንዱ ዶሮዋ ታቅፋለች፣ ብነካት መንደሩን ትቀሰቅሳለች፤ በአንዱ ድንች፣ በአንዱ ዱቄት፤ አንዱ የሐዋን ስንቅ ይዟል፤ የወንበሩና የጣሪያው ጓዳ ገብተዋል። እናቴን እንዳልጠይቅ ከሐዋ ጋር ተቃቅፈው ጓዳ ውስጥ እያለቀሱ ነው። አባባ ሱብሂን ሰግደው ወደ ውስጥ ገብተዋል፣ የውዱእ ባልዲያቸው ምሰሶው ላይ ባዶውን ተንጠልጥሏል። ውታፉን በአውራ ጣቴ ጫን ጫን አድርጌ ሳበቃ ይዤው ቁልቁል ሮጥኩ።

ምንጩ ላይ እስከ አፉ ሞላሁት። እንዳይፈናጠቅ ቅጠሉ የበዛ የግራዋ ቅርንጫፍ አፉ ላይ ጣል አደረግኩበትና በሁለት እጄ አንጠልጥዬ ዳገቱን ተያያዝኩት። መጀመሪያ እጄ ሊበጠስ ደረሰ። ቀሚሴ ሲረጥብ የተፈናጠቀ መሰለኝ፤ ቀጥሎ ባልዲው ቀለል እያለኝ ሲመጣ የበረታሁ መሰለኝ፤ እንዲያውም አባባ ጉልበቴን ባዩልኝ እያልኩ በኩራት ፈጠን አልኩ። ዋናው መንገድ ልደርስ ስል ነው ዝቅ ብዬ ያየሁት። ውታፉ የለም። ከኋላዬ ምንጩ ድረስ አቧራው ላይ ቀጭን እርጥብ መስመር ተጋድሟል፣ ባልዲው ውስጥ ከቀፎው በታች የቀረች የጣት ከፍታ የምታህል ውሃ ብቻ ነበረች።

ተመልሼ ልቀዳ ዞር ከማለቴ የእናቴን ድምፅ ሰማሁ። መጥተዋል። ከፊት አባባ ሻንጣ ተሸክመው፣ ከኋላ እናቴና ሐዋ። ባልዲውን ከደረቴ ጋር አጥብቄ ታቀፍኩት፣ ቀዳዳውን በሆዴ ደፈንኩት፣ ግራዋውን አፉ ላይ ዘረጋሁትና ከባድ ሸክም እንደያዘ ሰው ወደ ኋላ ለጠጥ ብዬ ቆምኩ።

"ሙሉ ነው?" አለች እናቴ፣ መገናኘታችን አጋጣሚ መምሰል እንደነበረበት እንኳ ረስታ።

"ሙሉ ነው" አልኩ።

እናቴ "እሰይ፣ እሰይ፣ ገዱ ቀናልሽ ሐዋዬ" እያለች እንባዋን በነጠላዋ ጠረገች። ሐዋ አዲሱን ጥቁር ጅልባቧን ለብሳ፣ ፀጉሯን ትናንት የተቀባችው ቅቤ ከሩቅ እየሸተተ፣ ሁለት እጇን ዘርግታ "ነይ ዘይኑዬ፣ ነይ ልሳምሽ" ብላ መጣች። ከቀረበች ታያለች። ካየች ደግሞ ገዷ ተሰበረ። ወደ ኋላ ሸሸሁና "አትንኪኝ፣ ይደፋል!" ብዬ ጮህኩባት።

እጇ እንደተዘረጋ ቆመች። አባባ "አውቶቡሱ ያመልጠናል፣ አብሽሪ ልጄ፣ ቢስሚላህ በይ" አሉና ሄዱ። እኔ ባልዲዬን ታቅፌ፣ ሆዴ በቀዝቃዛ ውሃ ርሶ፣ የደሴው አውቶቡስ ጡሩንባ እስኪሰማኝ እዚያው ቆምኩ።

የመጀመሪያውን ዓመት በየሁለት ወሩ ትደውል ነበር፤ ከስልክ ቤት መልእክተኛ ሲመጣ እናቴ ሊጡን ትታ ትሮጣለች። ከዚያ ጥሪው ቀረ። መጀመሪያ ዒድ አለፈ፣ ቀጥሎ ሌላ ዒድ፣ ቀጥሎ መቁጠሩን ተውነው። ከዓረብ አገር የተመለሱ ሴቶች መጡ ሲባል እናቴ ወግዲም ይሁን አጅባር ገበያ ቀን ጠብቃ ትሄድና የሐዋን ጉርድ ፎቶ እያሳየች ትጠይቃለች። አንዳንዷ ዝም ትላለች፤ እናቴ ደግሞ ከንግግሩ ይልቅ ዝምታውን ይዛ ቤት ትገባለች። አባባ ከሶላት በኋላ ዱአቸው ረዘመ። ሐዋ የጠፋችበትን ምክንያት የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ እህቴን ባዶ ባልዲ ይዤ የሸኘኋት፣ ዋሽቼም "ሙሉ ነው" ያልኩ እኔ ነኝ።

ከዚያ ባዶ ባልዲ ማየት የማልችል ልጅ ሆንኩ። ከትምህርት ቤት ስመለስ ደብተሬን ሳላስቀምጥ ያገኘሁትን ሁሉ እሞላለሁ፤ የውዱእ ባልዲው ሞልቶ ይፈሳል፣ ድንቹን አጠጥቼ አጠጥቼ አበሰበስኩት፣ አንድ ቀን የዶሮዋንም ባልዲ ባዶ ባገኘው ሞልቼው ዶሮዋ ለሳምንት አኩርፋ ቆጥ ላይ አደረች። እናቴ ለጎረቤት "ሐዋ ከሄደች ወዲህ ዘይኑ እንዴት ያለች ታታሪ ልጅ መሰለሽ" ስትል እሰማለሁ። ባመሰገነችኝ ቁጥር መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እመኝ ነበር።

ሐዋ በአምስተኛው ዓመት አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ማንም ሳይጠብቃት፣ አንዲት ትንሽ ሻንጣ ይዛ መጣች። እኔ ምንጩ ላይ ነበርኩ፤ ከላይ እልልታ ስሰማ የሰርግ መስሎኝ ነበር፣ አንዲት ጎረቤታችን "ሐዋ መጣች! አልሀምዱሊላህ፣ ሐዋ መጣች!" እያለች ቁልቁል ስትሮጥ አየኋት። እንዴት ዳገቱን እንደወጣሁ አላውቅም። ግቢው በሴት ተሞልቷል፣ እናቴ የሐዋን እጅ ይዛ አልለቅም ብላ መሬት ቁጭ ብላለች። አሠሪዋ ስልክ ከልክላት ወረቀቷንም ይዛባት ኖሮ፣ ከዚያ ቤት ጠፍታ ወጥታ፣ ሌላ ቤት ሠርታ፣ በመጨረሻ በሰው እርዳታ መመለሷን ቆይቶ ነው የሰማነው። ያን ቀን የተናገረችው "በእግሬ ቆሜ መጣሁ፣ አልሀምዱሊላህ" ብቻ ነበር። ከሰው መሃል ተሹለክልኬ ጉንጯን ሳምኳትና ወደ ኋላ ሸሸሁ። የአምስት ዓመት ድንጋይ ከደረቴ ላይ ተንከባሎ ወርዷል፤ ግን ዓይኗን ማየት አልቻልኩም።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ግቢ ውስጥ ልብስ ስናጥብ ሁሉንም ዘከዘክሁት። የውዱእ ባልዲውን፣ ውታፉን፣ ግራዋውን፣ "ሙሉ ነው" ያልኩትን፣ ሁሉንም ሳልተነፍስ፣ እያለቀስኩ። ሐዋ የምታሸውን ቀሚስ እንደያዘች አየችኝ።

"የምን ባልዲ?" አለች።

"የሄድሽ ቀን የያዝኩት ነዋ! ባዶውን።"

"ወላሂ ባልዲ አላየሁም" አለች። ከጓዳ ሆና ስትሰማ የነበረችው እናቴ ብቅ አለችና በራፉ ላይ ቆማ ቀረች። "በባዶ ባልዲ ነው እንግዲህ ልጄ ሄዳ በሰላም የመጣችው?" ስትል፣ አባባ ከተቀመጡበት የተገለበጠ ባልዲ ላይ ሆነው "ብያለሁ እኮ! ያን ቀን ለዙህር ስታጠብ ውታፉን ባጣው፣ ምን እንደሆነ ገብቶኝ ነበር፤ አንቺን እንዳላስደነግጥሽ ዝም አልኩ" አሉና በሳቅ ፈነዱ። እናቴ መጀመሪያ ተቆጣች፣ ቀጥላ ሳቀች፣ ከዚያ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ ወደ ጓዳ ተመለሰች።

ሐዋ ግን አልሳቀችም። እጇን ከአረፋው አውጥታ በቀሚሷ አደረቀችና "እኔ እኮ የተቀየምሽኝ መስሎኝ ነበር" አለች። "ጥያት ስለሄድኩ። እዚያ ቤት በር ተቆልፎብኝ ሳለቅስ አንድ እሱ ነበር የሚያንገበግበኝ፤ ዘይኑ እንኳ ሳትስመኝ ሸኘችኝ እያልኩ። ምን በድያት ይሆን እያልኩ።"

ያ ሁሉ ዓመት እኔ እሷን ገደልኩ ብዬ ስፈራ፣ እሷ እኔን አስከፋሁ ብላ ስትፈራ ኖረናል። "ነይ በይ" አለች እጇን ዘርግታ፣ "የዚያን ቀኑን አሁን አምጪ።"

ሄጄ ተጠመጠምኩባት። ሳሙና ሸተተችኝ፣ በቀሚሷ ሥር የጎኗ አጥንት ክንዴ ላይ ተቆጠረ፤ ከእኔም አጭር ነበረች፣ መቼ እንደበለጥኳት አላየሁም። ለረጅም ጊዜ አልለቀቅኳትም፣ እሷም አልለቀቀችኝም፣ ውስጤ የነበረው ፍርሃት ሁሉ እንደ ላብ ወጥቶ ሄደ። ደግማ አልሄደችም፤ አሁን የልጆች እናት ናት፣ በየዒዱ እንገናኛለን፣ ይህን ታሪክም ልጆቿ ፊት እየጨመረችበት ታወራዋለች። አላህ እሷን ስለመለሰልን ሌላ የምለው የለኝም። ብቻ ያቺን አስራ ሰባት ዓመቷን፣ ጉንጯ ሙሉ የነበረችውን፣ ፀጉሯ ቅቤ ቅቤ የሚሸተውን ሐዋን፣ ሳላቅፋት ቀርቻለሁ።