መኪናዋን አታሙቅብኝ!

ባሌ ሱዳን ጠረፍ ላይ ለዓመታት ለፍቶ የገዛት፣ ሁለት በር ብቻ ያላት፣ ሆዷ መሬት ሊነካ ምንም ያልቀረው ቀይ የስፖርት መኪና አለችን። ጥምቀት አልፎ ሠርግ ሲጀመር ሙሽራ የምትጭነው እሷ ናት። የምንበላው ከእሷ ነው። ሞተሯ ከተበላሸ ሌላ መተዳደሪያ የለንም፤ ይህን እኔም እሱም እናውቃለን።

በዚያ ጥር ጠዋት ጠዋት ስትነሳ መንቀጫቀጭ ጀመረች። ቁልፉ ሲዞር ከሞተሩ የፊት ክፍል፣ ጠጠር ቆርቆሮ ውስጥ ሲናጥ የሚሰማ ዓይነት ድምፅ ይወጣል። ሞተሩ ሲሞቅ ጭጭ ይላል። ታዲያ ባሌ ምን ያደርጋል? ጎረቤት ሳይሰማ ቶሎ እንድትሞቅለት ነዳጅ እየረገጠ ያስጓራታል። ጥርሴን ነክሼ እመለከተዋለሁ።

«ቀዝቃዛ ሞተር እንዲህ አይረገጥም! ዘይቱ እስኪደርሰው ታገስ እንጂ!» እለዋለሁ።

«ሰው ምን ይላል? የሙሽራ መኪና እንደ ወፍጮ ስትንኳኳ ከሰሙ ማን ይከራየናል?» ይለኛል።

ይሉኝታ! ይህ ይሉኝታ የሚሉት በሽታ ቤቴን ሊያፈርሰው ነው እያልኩ እንገበገባለሁ።

የመካኒኩ ጋራዥ ከከተማው በታች አዘዞ ነው፤ ዕድሜያቸው የገፋ፣ ክፉ ቃል የማይወጣቸው ሰው ናቸው። እኛ ከላይ ከከተማው ተነስተን አዘዞ እስክንወርድ ሞተሩ ይግላል። ኮፈኑን ከፍተው ጆሯቸውን ያዘነብላሉ፤ ምንም የለም። እሳቸውም ከይሉኝታው አላመለጡም። «አልሰማሁም» ብሎ ሰው መመለስ ነውር ስለሚመስላቸው፣ አንድ ቀን ካንዴላ ነው ይላሉ፣ ሌላ ቀን ቺንጋው፣ ማራገቢያውን የሚያዞረው ቀበቶ ነው ይላሉ። የተባለው ዕቃ በአዲስ ይለወጣል። በማግስቱ ጠዋት ያው መንቀጫቀጭ ነው። ሁለት ጨዋ ሰዎች ተከባብረው ሞተሬን ሊቀብሩት ነበር።

በመጨረሻ ዘዴውን እኔው አመጣሁ። መኪናዋ ጋራዡ ውስጥ ትደር፤ መካኒኩ ጠዋት ሲመጡ፣ ብርድ እንደመታት፣ ራሳቸው ያስነሷት። ባሌ እሺ አለ፤ ማታ ጋራዡ አድርሷት መጣ። አመንኩት። በማግስቱ ስነቃ አልጋው ባዶ ነው።

በሚኒባስ ከንፌ አዘዞ ስደርስ መኪናዋ ተወልውላለች፤ ሞተሯም ያለ አንዳች ኮሽታ ይሠራል። ባሌ አጠገቧ ቆሟል። የጋራዡን ዘበኛ ለምኖ፣ ከመካኒኩ ቀድሞ ገብቶ አሙቋታል! መካኒኩም ደርሰው ኮፈኑ ላይ ጎንበስ ብለዋል።

«ሸጋ ናት እኮ! ምነው ታማለች ትሉኛላችሁ?» አሉ።

ደሜ ፈላ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል እሰማ ነበር፤ ሐኪሙ ደጃፍ ድረስ ሄዶ የሚደብቅ ሰው ግን የኔው ባል ነው።

«አያ፣ እኔን ይስሙኝ!» አልኩ። ጋራዡ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዞረ። መኪናዋ ጠዋት ጠዋት የምትለውን እንዳለ በአፌ አወጣሁት። «ቀጭ ቀጭ ቀጭ ቀጭ ቀጭ!» መጀመሪያ ፈጠን አድርጌ፣ ከዚያ እያሳሳሁ፣ ከዚያ ዝም። ሰው ሳቀ። ደገምኩት፤ አሁንማ በንዴት እየጮህኩ ነው። እንባዬም መጥቶ ነበር።

መካኒኩ አልሳቁም። «ከፊት በኩል ነው?»

«ከፊት በኩል።»

«ሲሞቅ ይተዋል?»

«ጭጭ ይላል።»

«አጥፋው!» አሉ ወደ ባሌ ዞረው። «የሞተሩ ሰንሰለት ነው።»

ተከፈተ። ሰንሰለቱን ወጥሮ የሚይዘው ነገር ተሰብሯል፤ ሰንሰለቱ ላልቶ ሽፋኑን ከውስጥ ሲፍቀው ከርሟል። እንዲህ እንዳለች አንድ ሠርግ ብትወጡባት፣ አሉ መካኒኩ፣ ሰንሰለቱ ዘሎ ሞተሩን ድምጥማጡን ያጠፋው ነበር። እዚያው የወደቀ ጎማ ላይ ተቀመጥኩ።

መኪናዋን እዚያው ትተን በሚኒባስ ተመለስን። ባሌ መንገዱን ሙሉ በመስኮት ያያል። ይቅርታ ሊለኝ ቃል እየፈለገ ነው ብዬ፣ ንዴቴን ዋጥ አድርጌ ጠበቅሁት። ፒያሳ ልንወርድ ስንል ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። ተሳፋሪ እንዳይሰማው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፦

«ምነው ሰው ፊት እንዲያ ትጮሂያለሽ?» አለኝ።