አቡጀዲና ቬሎ

አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር የከፈትኳት ፎቶ ቤት ከመጥበቧ የተነሳ ሦስት ሰው ከገባ አራተኛው ደጅ ይቆማል። ግድግዳዋ ላይ ለጉርድ ፎቶ የሰቀልኩት ሁለት ሜትር አቡጀዲ ነበረኝ። ሠርግ ስጠራ አጣጥፌ ከካሜራዬ ጋር እይዘዋለሁ። የፍላሽ ብርሃን ሰው ፊት ላይ በቀጥታ ሲያርፍ ይከፋል፤ ነጭ ጨርቅ ላይ መትቶ ሲመለስ ግን ይለሰልሳል። ከከተማው ፎቶ አንሺዎች ይህን የማውቅ እኔ ብቻ ነኝ ብዬ ልቤ አብጦ ነበር። ላንቴ መንደር ለሠርግ የሄድኩ ዕለት ተነፈሰ።

ዲጂታል ካሜራ አርባ ምንጭ ከገባ ብዙም አልቆየም። የጠሩኝ ላንቴ ውስጥ ሙዝ የሚያለሙ የወንጌል አማኞች ናቸው። እኔ ስደርስ ሙሽራው ከነሚዜዎቹ ደጅ ቆሟል፤ መዘምራኑ ይዘምራሉ፤ ፓስተሩ ቤተ ክርስቲያን ሆነው ይጠብቃሉ። ሙሽራዋ ግን አልወጣም ብላለች። አባቷ አልጋ ከያዙ ወራት ሆኗቸዋል። ሙሽራው የሩቅ አገር፣ የካምባ ሰው ስለሆነ ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ ወደዚያው ይወስዳታል።

«እህቴ፣ ከአባቴ ጋር አንድ ፎቶ» አለችኝ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ። «ሌላ ጊዜ አይኖርም። ሳልነሳ ንቅንቅ አልልም።»

አባትየው የተኙበት ክፍል ጨለማ ነው። አንዲት ትንሽ መስኮት አለችው፤ የጭቃ ግድግዳው አረንጓዴ ተቀብቷል፤ በሩን ሰው ሞልቶታል። አባትየው ትራስ ተደግፈዋል። የደጁ ጥሩምባ አጣደፈኝና ፍላሹን ፊት ለፊት ለቀቅኩት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ።

ሙሽራዋ ካሜራውን ከእጄ ነጥቃ አየችው። የአባቷ ግንባር እንደ አዲስ ቆርቆሮ ያበራል፤ ዓይኖቻቸው ጥቁር ጉድጓድ ሆነዋል፤ ከኋላቸው ግድግዳው ላይ ጥቁር ጥላ ተጋድሟል።

«አባቴን ሬሳ አደረግሽው!» አለች።

እኔ ደግሞ ቱግ ለማለት ማን ብሎኝ! «ክፍሉ ጨለማ ነው፤ ታዲያ እኔ ምን ላድርግ?» ብዬ ጮኽኩባት። በሠርጓ ቀን፣ በታመመ ሰው ራስጌ። ዛሬም ሳስበው አፍራለሁ። ኩሏ ከእንባዋ ጋር ጉንጯ ላይ ወረደ።

የፍላሹን አንገት አዙሬ ብርሃኑን ግድግዳው ላይ መታሁ። አባትየው ያልበሰለ ሙዝ መስለው ወጡ፤ አረንጓዴ። ሳላሳያት አጠፋሁት። ደጅ አንዱ ሚዜ «ፓስተሩ ደወሉ!» እያለ ይጣራል።  ይህን ፎቶ ካበላሸሁ ልጅቷ አባቷን በልቧ ይዛ የምትሄደው እኔ ባሳየኋት ሬሳ መልክ ነው።

ያኔ አቡጀዲዬ ትዝ አለኝ። ከቦርሳዬ መዝዤ በአልጋው ራስጌ ዘረጋሁት።

እናትየው ጮኹ። እስከዚያች ሰዓት ጥግ ላይ ቆመው ነበር። አማርኛቸው በጋሞኛ ላይ የተማሩት ስለሆነ እኔን ሴቷንም «አንተ» ነው የሚሉኝ። «ማን አውጣ አለህ? ማን አውጣ አለህ!» እያሉ ጨርቁን ከእጄ መነጨቁና ጠቅልለው ነጠላቸው ውስጥ ሸሸጉት።

ክው አልኩ። አቡጀዲ የሬሳ መገነዣ እንደሆነ የማያውቅ ማን አለ? እኔ ግን የብርሃን ማለስለሻ አድርጌ ስለለመድኩት ከነጭራሹ ረስቼው ነበር። «ይቅርታ እማማ፣ ለፎቶው ነው» አልኩ። የሰሙኝም አይመስለኝ።

ሙሽራዋ ደክሟት አልጋው ጫፍ ላይ ዘፍ አለች። ቬሎዋ አጠገባቸው ተነሰነሰ። በዚህ ጊዜ ከመስኮቷ የገባችው ብርሃን ቬሎው ላይ አረፈችና በአባትየው ጉንጭ ላይ ስስ ንጣት ጣለች። ፈዝዤ አየሁ። ነጭ ጨርቅ ፍለጋ ስንት ስደክም!

«እንዳትነሺ!» አልኳት። «ቀሚስሽን በዚህ በኩል ከፍ አድርገሽ ያዥው። እንደ መጋረጃ።»

ያዘችው። የፍላሹን አንገት ወደ ቬሎው አዞርኩና ተጫንኩ።

አባትየው ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገሩ። «ይሄኛው ዓይኔን አልወጋኝም» አሉ፤ ቀስ ብለው።

ካሜራውን ሰጠኋት። ጥላው ጠፍቷል። ብርሃኑ በአንድ በኩል ፊታቸውን ዳብሶት ዓይኖቻቸው ወደ እሷ ሲያዩ ይታያሉ። ረጅም ጊዜ አየችው። «አባቴ ነው» አለች። ጉልበታቸውን ስማ ተነሳችና ወጣች። እኔም ተከትያት ሮጥኩ፤ አቡጀዲዬን ማን ይጠይቃል።

ከሁለት ወር በኋላ እናትየው ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ለብሰው ፎቶ ቤቴ መጡ። ለለቅሶ ቤቱ ያችን ፎቶ እንዳሳድግላቸው ፈለጉ። አሳደግኳት። ሊወጡ ሲሉ ከጉያቸው የታጠበና የተጣጠፈ አቡጀዲ አውጥተው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡ።

«ያንተ ነው» አሉኝ። «ያን ቀን ከሳጥኔ ያወጣኸው መስሎኝ ነው። የሱን ከሠርጉ በፊት ገዝቼ፣ እሷም እሱም እንዳያዩ ደብቄ ነበር።»